ቁንዶ በርበሬ መፍጫው አልዞር ሲል፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

በቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽ መሣሪያ) የተሰራ የእንጨት መፍጫ ተበላሽቶ ሲመጣ ባለቤቱ የሚከሰው ጥርሱን ነው። «ጥርሱን ቀይርልኝ» ይላል። ፈትቼ ሳየው ጥርሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው እንጨቱ ላይ ነው። ውስጡ ባዶ አለመሆኑን፣ የላይኛዋ ዳዶም ከልክ በላይ አለመጥበቋን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

መጀመሪያ ጭንቅላቱን፣ ማለትም በእጅ የሚዞረውን የላይኛውን ክፍል፣ ቀስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። የት የት እንደሚይዝ እጃችሁ ይነግራችኋል።

ሁሌም እኩል የሚከብድ ከሆነ

ዳዶዋን አላሉ። ካልሆነ ጥርሱ ውስጥ የተለጠፈ ነገር አለ። ጥቂት ደረቅ ጥሬ ሩዝ ፍጩበትና አራግፉት።

በአንድ ዙር አንዴ ብቻ የሚይዝ ከሆነ

ጭንቅላቱን ከጥርሱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጎብጧል፣ ወይም የእንጨቱ ቀዳዳ ከመሀል ወጥቷል። ዘንግ ይቀየራል። የተዛባ ቀዳዳ ግን አይቃናም። ስለዚህ አዲስ ሲበሳ ፑንታውን (መብሻውን) በዝግታ አዙሩ፣ ፍቅፋቂውን ቶሎ ቶሎ አውጡ፣ ከሁለቱም ጫፍ እየበሳችሁ መሀል ላይ አገናኙት።

በአንድ ዙር ሁለቴ የሚይዝ፣ ሁለቴ የሚለቅ ከሆነ

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ተሰርቷል።

እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አይሰበሰብም። በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚሰበሰበው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚሰበሰበው በግምት እጥፍ ነው። ስለዚህ ክብ የነበረው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የጭንቅላቱ ምላስም እንደዚያው። ሁለቱ ሞላላዎች ሲገጣጠሙ ይዞራል፤ ሩብ ዙር ስታልፉ የምላሱ ሰፊ ጎን ከቀዳዳው ጠባብ ጎን ጋር ይጋጫል።

በቁጥር እንየው። ቀዳዳው 27 ሚሊ ሜትር፣ ምላሱ 26.5 ነበር እንበል። እንጨቱ በአንዱ በኩል 6፣ በሌላው 3 በመቶ ቢሰበሰብ ቀዳዳው በጠባቡ ጎን 25.4 ይሆናል፤ ምላሱ በሰፊው ጎን 25.7። በምን በኩል ይለፍ?

አንድ ምግብ ቤት ለየጠረጴዛው ያሰራቸውን መፍጫዎች አምጥቶልኝ ያውቃል። ዋንዛው በነሐሴ ዝናብ ተገዝቶ በዚያው ሰሞን የተሰራ ነው። ሲረከቧቸው ጥሩ ይዞሩ ነበር። ጥር ላይ በደንብ የሚዞር አንድም አልነበረም። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የሁሉንም ጥርስ አስቀይረዋል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ውሃ በላው። አስተናጋጆቹም በፒንሳ ሲታገሉ ከፊሎቹን ዘንጎች ጠምዝዘዋቸዋል። እባካችሁ በፒንሳ አትታገሉ። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው።

ያለቀለትን መፍጫ እንዲህ ታድኑታላችሁ። የምላሱን ዙሪያ በእርሳስ አጥቁሩ። ገጥማችሁ ጥቂት ዙር አዙሩና አውጡት። እርሳሱ የተፋቀበት ቦታ የሚነካው ነው። እሱን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀንሱ፣ እየለካችሁ። በጠባቡ ቦታ እንኳ በትንሹ ግማሽ ሚሊ ክፍተት ይኑር። የሚፋተገውን ገጽ በትንሽ የንብ ሰም እሹት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ከርሞ ይሸታል፣ ይጣበቃል። ቫርኒሽም ወደ ውስጥ አይግባ። ምግብ የሚቀመጥበት ነው!

አዲስ ስትሰሩ ደግሞ ሻጭ «ደረቅ ነው» ስላለ አትመኑ። ላዩ ይደርቃል፣ ልቡ እርጥብ ይሆናል። እንጨቱን በቶርኖ አድቦልቡሉት፣ በ20 ሚሊ ፑንታ መሀሉን ብሱት፣ ጫፎቹን ሰም ቀቡና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ ለተከታታይ ሳምንታት ካልቀነሰ ያን ጊዜ 27 ብሱ፣ ምላሱንም 26 አድርጉ። ወይራ በተለይ ትዕግስት ይፈልጋል፤ ከቸኮላችሁበት ይሰነጠቃል። ደንበኛ ቢያጣድፋችሁም አትስጡ። ተመልሶ የሚመጣው እናንተው ጋ ነው።

ሲፈጩበት ልቅ የሚል፣ ድቃቁ የሚሻክር ከሆነ

ዳዶዋ እየተፈታች ነው። ጭንቅላቱ ስር ያለችውን የብረት ሳህን እዩ፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳዋ ተበልቶ ከሆነ ዘንጉን አትይዝም። ሳህኗን ቀይሩ። ከስስ ቆርቆሮ የተቆረጡ ርካሽ ሳህኖች ገበያውን ሞልተውታል፤ በጣታችሁ ስትጫኗት የምትጎብጥ ከሆነ አትግዙ።

ዳዶዋ እስከ መጨረሻ ጠብቃም ድቃቁ አሁንም የሚሻክር ከሆነ

ዘንጉ ረዝሟል። በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ጥቂት ቁረጡና ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ። ጥቂት በጥቂት ቁረጡ፤ ካጠረ ዳዶዋ አትይዝም።

የጨው መፍጫው ከዛገ

የቁንዶ በርበሬ ጥርስ ተገጥሞለታል ማለት ነው። ተራ ብረት ጨው አይችልም። የሴራሚክ ጥርስ ግጠሙ። ከአሞሌ የተሰባበረ ጨው እርጥበት ካለው ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጉና ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ሙሉት፤ ትኩሱ ውስጡን ያልበዋል። የምትፈላ ድስት ላይ ይዛችሁ አትፍጩ፤ እንፋሎቱ ከስር ገብቶ ጨውን ያጋግረዋል። የእንጨት መፍጫ በውሃ አይታጠብም፣ አይዘፈዘፍም። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።