እንግዳው ቀኑ ሳይሞላ ሲወጣ

አያት ኮንዶሚኒየም ዕቃ የተሟላለት ባለ አንድ መኝታ ቤት በቀን አከራያለሁ። በጥምቀት ሰሞን አንድ እንግዳ የአስር ሌሊት 20,000 ብር ከፍሎ ገባ። አራት ሌሊት አድሮ ጠዋት በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ ቁልፉን ጥበቃው ጋ ትቼዋለሁ፤ የስድስቱን ቀን ብር መልስልኝ።» ብሩን ደግሞ ፍራሽ ገዝቼበታለሁ!

ተጨቃጨቅን። ቤቱን ለማየት ስሄድ ቢጫዋ ጀሪካን ባዶዋን በሩ ጋ ቆማለች። ለካ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አልነገርኩትም። ተበድሬ 12,000 መለስኩለት።

አሁን ብር ከመቀበሌ በፊት አጭር መልእክት እልካለሁ። የአንድ ሌሊት ዋጋ 2,500 ነው፤ አስርና ከዚያ በላይ ለሚቆይ 2,000። ቀድሞ ከወጣ ያደረባቸው ሌሊቶች በ2,500 ይታሰባሉ፣ ቀሪው ይመለሳል። አራት ሌሊት ላደረ 10,000 ተቆርጦ 10,000 ይመለስለታል ማለት ነው። ውሃ ወይም መብራት አስመርሮት ከወጣ ግን ያላደረበትን ሙሉውን እመልሳለሁ። የውሃውን ፈረቃም እዚያው ላይ እጽፋለሁ። ሮቶም አስገብቻለሁ።

«ተስማምቻለሁ» ብሎ ካልጻፈልኝ ቁልፍ የለም። ጓደኛዬ አበዛኸው ይለኛል፤ ይበል። ተመላሹን የምልከው በከፈለበት የቴሌብር ቁጥር ብቻ ነው። «ለአክስቴ ልጅ ላክልኝ» የሚባለው ነገር ጣጣ አለው።

ባለፈው ሳምንት የአስር ሌሊት ከፍላ የገባች አንዲት እህት ሰባት ሌሊት አድራ ወጣች። ሒሳቡን ራሷ አስልታ «2,500 ላክልኝ» አለችኝ። ላኩላት።