የአምባዛ እንቁላል ሲሻግት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ማታ ደህና የነበረ የአምባዛ ዓሣ እንቁላል ጠዋት ጥጥ ለብሶ ሲገኝ ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ እንቁላሉ ለምን ሞተ ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውሃ ሻጋታ ከኩሬም ከወንዝም ውሃ አይጠፋም። መጀመሪያ የሚይዘው የሞተውን እንቁላል ነው። ከዚያ ክሩን እየዘረጋ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ እንቁላል ያፍናል።

ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ችግሩ ይቀልላታል። አምባዛ ግን ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ ጥበቃው የእኛ ነው።

እንቁላሉ ነጥቷል፣ ጥጥ ግን የለውም

ጤነኛው እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ አረንጓዴ ያደላል። የነጣው ወይ ሞቷል፣ ወይ ዘር አልያዘም። ጥቂት ከሆኑ በጠብታ መሳቢያ ወይም በቀጭን ቱቦ እየሳባችሁ አውጧቸው። አብዛኛው ከነጣ ግን ጥፋቱ ሻጋታው ጋ አይደለም። ምናልባት እንቁላሉ ሳይበስል ወጥቷል፣ ወይም ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ቀድሞ ውሃ ነክቶታል። የወንዱ ዘር ውሃ ከነካው ጉልበቱ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። እንቁላሉን ከእናቲቱ ሆድ ጨምቃችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ሳህኑን አድርቁ፣ የእናቲቱንም ሆድ በፎጣ አድርቁ። እንቁላሉንና ዘሩን በደረቁ ቀላቅሉና ውሃውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

ነጭ ጥጥ እንቁላሎቹን አያይዟል

እዚህ ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ መደራረብ፣ የቆመ ውሃ፣ ብርድ። ጎንደር ላይ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ብርዱን ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። በ28 ዲግሪ የአምባዛ እንቁላል በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። በ20 ዲግሪ ግን ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። የተጨመረው ጊዜ ሁሉ ለሻጋታው ነው።

ገንዳውን ቤት ውስጥ አድርጉ፣ የውሃ ማሞቂያ ከነቴርሞሜትሩ አስገቡ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዙ። እንቁላሉን በተወጠረ መረብ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ አድርጋችሁ በትኑት። መረቡ እንቁላሉን የሚይዝ፣ ጫጩቱን ግን የሚያሾልክ ይሁን። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የሞተው እንቁላልና ቅርፊቱ መረቡ ላይ ይቀራሉ። ያኔ መረቡን ሳትዘገዩ አውጡት። ከመድኃኒት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

መድኃኒት የግድ ካስፈለገ ከፋርማሲ የሚገዛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል። 3 በመቶው ከሆነ 250 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውሃ 10 ሊትር ሙሉት፤ 6 በመቶ ከሆነ 125 ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ አትለኩ። እንቁላሉን 15 ደቂቃ ብቻ አቆዩትና ሙቀቱ እኩል በሆነ ንጹህ ውሃ እጠቡት። በቀን አንዴ ይበቃል። መጀመሪያ በጥቂት እንቁላል ሞክሩት። ሽሉ ውስጡ መንቀሳቀስ ከጀመረ ተዉት፤ ጫጩት አይችለውም። ጓንት አድርጉ።

ለሻጋታ ማላካይት ግሪን የሚባለው ማቅለሚያ አሪፍ ነው የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ለጤና አደገኛ በመሆኑ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች ታግዷል። ፎርማሊንም ይሠራል፤ ግን ጭሱ ሰው ይጎዳል፣ ቤት ውስጥ አልመክረውም።

ሽፋኑ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው

ደለል ይዞታል። ክረምት ላይ የመገጭ ወንዝ ሲደፈርስ ውሃውን በቀጥታ አታስገቡ። በርሜል ውስጥ አስተኝታችሁ፣ ላዩን በጨርቅ አጥልላችሁ ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርጋችሁ፣ አየር እየነፋችሁበት አሳድሩት።

በየዙሩ ይመለሳል

መረቡን፣ ቱቦውንና ገንዳውን በበረኪና እጠቡ፤ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪል አስጡት። እርጥብ መረብ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታውን ለሚቀጥለው ዙር ማቆየት ነው።