ለአክስቴ ልጅ፦ ጀርመን ለማስተርስ ስትመጪ የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት ትወጪዋለሽ

የአክስቴ ልጅ ለጥቅምቱ ሴሚስተር እኔ ወዳለሁበት ከተማ ልትመጣ ነው። ቪዛዋ ከወጣ ጀምሮ በቴሌግራም የጥያቄ ናዳ ታወርድብኛለች። "ጃኬት ስንት ልያዝ?" "ሽሮ ያስገባሉ?" "ብርዱ እንደሚወራው ነው?" ለእያንዳንዱ በድምፅ መመለስ ሰለቸኝና ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። የምኖረው ጊሰን ነው፤ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ የተማሪ ከተማ። ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሌላ መንገደኛ ካለም አብሮ ያንብብ።

እሺ፣ ስሚኝ።

ሻንጣሽን ከመፍታትሽ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ወረቀት ቆርጠሽ ስምሽን ጻፊና የፖስታ ሳጥንሽና የበሩ ደወል ላይ ለጥፊ። የምቀልድ እንዳይመስልሽ። እዚህ አገር ሁሉ ነገር በደብዳቤ ነው። የባንክ ካርዱ በደብዳቤ ይመጣል፤ የካርዱ ሚስጥር ቁጥር ደግሞ ከቀናት በኋላ በሌላ ደብዳቤ። የጤና መድኑ በደብዳቤ፣ የግብር መለያ ቁጥሩም በደብዳቤ። ፖስተኛው የሚያየው ስም ነው። ስምሽን ካጣው ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል።

እኔ እንደ አገሬ የራሴን ስም ብቻ ጽፌ ለጠፍኩ። የባንክ ካርዴን ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሄጄ ስጠይቅ "ልከን ተመልሶብናል" አሉኝ። ለካ ደብዳቤው የተላከው ለ"ፍራው ከበደ" ኖሯል። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ከበደ ደግሞ አያቴ ናቸው፤ ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የእሳቸው ስም ነው። አያቴ ጀርመን ይቅርና አዲስ አበባን እንኳ በዕድሜያቸው ሁለቴ ነው ያዩት። ዛሬ ጊሰን ውስጥ በስማቸው የፖስታ ሳጥን አላቸው። አስተማሪው ክፍል ውስጥ "ፍራው ከበደ" ሲለኝም መጀመሪያ ሰሞን ማንን እንደሚጠራ ለማየት ዞር እል ነበር።

ስለዚህ ፓስፖርትሽን አሁኑኑ ገልጠሽ እዪ። የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የአባትሽም ይሁን የአያትሽ፣ ሳጥኑ ላይ እሱ ይኑር። በእንግሊዝኛ አጻጻፉም በየቅጹ አይለዋወጥ። አንዱ ጋ አንድ ፊደል ከጎደለ ሌላው ጋ ሌላ ሰው ነሽ።

ቀጥሎ የነዋሪነት ምዝገባ ነው፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ "እዚህ ነው የምኖረው" ብለሽ መመዝገብ አለብሽ። ፓስፖርትሽንና አከራይሽ የፈረመልሽን ወረቀት ይዘሽ ትሄጃለሽ። ያቺን የአከራይ ወረቀት ቁልፍ በምትቀበይበት ቀን ጠይቂ፤ በኋላ እያሳደድሽ አትቸገሪ። ቀጠሮውን ደግሞ ገና አዲስ አበባ እያለሽ በኢንተርኔት ያዢው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ተማሪው ሁሉ አንዴ ነው የሚጎርፈው።

የዝግ ሒሳቡን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ለቪዛ ያስቀመጥሽው 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ያንቺው ነው፤ ግን በወር 992 ዩሮ ብቻ እየቆነጠሩ ነው የሚሰጡሽ። ስኮላርሺፕ ያለው ሰው ይሄን ይዝለለው። ችግሩ የመጀመሪያው ወር ላይ ነው። የወር ድርሻሽ እንዲለቀቅ የባንክ ሒሳብ ያስፈልግሻል፤ ባንኩ ብዙ ጊዜ የምዝገባውን ወረቀት ይጠይቃል፤ ምዝገባው ቀጠሮ ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ አንቺ መራብ የለብሽም። ለአንድ ወር ቤት ኪራይና ምግብ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይዘሽ ነይ።

ከዚያ ደግሞ አንድ የሚያናድድ ደብዳቤ ይመጣል። ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ክፈይ ይላል። "ቴሌቪዥን የለኝም" ብለሽ ወደ ጎን አታድርጊው። ክፍያው በቤት ነው፤ ቴሌቪዥን ኖረሽ አልኖረሽ አያገባውም። ግን ከሌሎች ጋር ቤት ተጋርተሽ የምትኖሪ ከሆነ አንድ ሰው ከከፈለ ለቤቱ ይበቃል። እኔ ደብዳቤውን መዝገበ ቃላት ሥር ደብቄው ከወራት በኋላ ከነውዝፉ ከፈልኩ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ግን ትወጪዋለሽ። የሚጥልሽ ሌላ ነገር ነው።

ፈተና ለመፈተን ክፍል መግባት ብቻ አይበቃም። ለፈተናው ለብቻው፣ በጊዜው፣ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ መመዝገብ አለብሽ። እኔ አንድ ኮርስ ሙሉ ሴሚስተር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። መመዝገቢያው ከተዘጋ ቆይቷል። ለምኜ ነበር፤ እንደኛ አገር "እባክዎ ጌታዬ፣ እንግዳ ነኝ" ብዬ። በጣም በትሕትና አዘኑልኝ፤ በጣም በትሕትናም እምቢ አሉኝ። ስለዚህ የኮርሶቹን መመዝገቢያ ቀን ከመጀመሪያው ሳምንት ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊ። አንድ ፈተና ስንቴ መውደቅ እንደሚቻልም ከወዲሁ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ሦስት ዕድል ነው፣ ከዚያ በኋላ ከፕሮግራሙ መሰናበት ይመጣል።

ውጤቱ ደግሞ የተገለበጠ ነው። 1.0 ከሁሉ በላይ፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ። አገር ቤት 4.0 ያመጣ ሰው ሰርግ ይደገስለታል፤ እዚህ 4.0 ላመጣ "እንኳን ተረፍክ" ነው የሚባለው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠሩበት ቀመር የእኛ 3.5 ወደ 1.75 ይመጣል። ለቤተሰብ አስቀድመሽ አስረጂ። እኔ 1.3 አምጥቼ እየጮህኩ እማዬ ጋ ደወልኩ። ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ በሚቀጥለው ታሻሽያለሽ" አለችኝ። አክስቴም ካንቺ ስትሰማ እንዲሁ ነው የምትለው።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ ጎን "c.t." የሚል ካየሽ ትምህርቱ የሚጀምረው ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነው። 10 ካለ 10:15 ነው። የሐበሻ ቀጠሮ በአዋጅ የጸደቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን "s.t." ካለ ልክ በሰዓቱ ነው፣ በሩም ላይከፈትልሽ ይችላል። ደግሞ እማዬ "ነገ 3 ሰዓት ላይ ደውይ" ስትልሽ በእነሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ነው፤ በእነሱ በጋ እዚህ 8፣ በክረምታቸው 7። በፈረንጆቹ ጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ሌሊት ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያለሽ ልዩነት ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ይሰፋል። በክረምት እኔን ከእንቅልፍ ቀስቅሳ "ምነው ድምፅሽ ደከመ?" የምትለው ለዚህ ነው።

ሆድ ላይ ደረስን። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳትከቺ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የአክስቴን ቅቤ ጉምሩክ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥለው ማየት ልብ ይሰብራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት ያዢ። ቅቤውን እዚሁ ከሱፐርማርኬት ገዝተን በኮረሪማና በኮሰረት እናነጥረዋለን። ልዩነቱን የምታውቀው አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እዚህ የለችም።

የጤፍ ዱቄት ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ሱቆች እናመጣለን። እዚህም የጤና ምግብ መደብር ውስጥ "ግሉተን የሌለው" ተብሎ በትንንሽ ከረጢት ተደርድሯል፤ ዋጋውን ስታዪ ጤፉ ወርቅ የተቀላቀለበት ይመስልሻል።

ሊጡ ላይ ብርዱ ዋና ጠላትሽ ነው። አገር ቤት በሦስት ቀን የሚቦካው እዚህ ታኅሣሥ ላይ አምስት ቀን ይፈጅብሻል። ባልዲውን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪ፤ አጠገብ ነው ያልኩሽ፣ ላዩ ላይ አይደለም። እኔ ላዩ ላይ ሰቅዬው ሌሊት ገነፈለ። ሊጡ ማሞቂያው ውስጥ ገብቶ እዚያው ጋገረ። አሁንም ማሞቂያው ሲነሣ ክፍሌ እንጀራ ቤት እንጀራ ቤት ይሸታል።

ሲቦካ ከላይ የቆመውን ውኃ ቅጂው። ከሊጡ አንድ ኩባያ አንሥተሽ በፈላ ውኃ እያማሰልሽ አብሲት ጣይ፤ በረድ ሲል መልሰሽ ቀላቅዪውና እስኪነሣ ጠብቂ። ምጣድ አትፈልጊ። 28 ሳንቲሜትር የማያጣብቅ መጥበሻ ከመስታወት ክዳን ጋር ይበቃል። ዘይት የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃውን 9 ላይ አሞቂውና ወደ 7 መልሺው። ከዳር ጀምረሽ እየዞርሽ ወደ መሀል አፍስሺ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ ዓይኑ መጀመሪያ ዳሩ ላይ፣ ቀጥሎ መሀሉ ላይ ይወጣል። ዓይኑ ሁሉንም ሲሞላ ክደኚ። ጠርዙ ከመጥበሻው ሲላቀቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሸርተት አድርጊው። ትንሽ ነው፣ ለሁለት ጉርሻ ያህል፤ ግን እንጀራ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይበላሻሉ። ይበላሹ።

ቡና ስትቆዪ የክፍልሽን በር ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በአንዴ አንድ እፍኝ ብቻ። ጣሪያው ላይ የጭስ ጠቋሚ አለ። እኔ እንደ ቤቴ ጭሱን ኮሪደር ድረስ ይዤ ወጣሁ፤ ጎረቤቶቼ ያሸቱ ብዬ። ጎረቤቶቼ በፒጃማ በረዶ ላይ ቆመው አሸተቱት።

ጾም ካለሽ ቀላል ነው። ሜንሳ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት፣ ገብተሽ "ቪጋን" በይ። ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት ከጀመርሽ ምሳ ሰዓቱ ያልፋል።

የመስኮቱን ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ እኛ ቤት መስኮት መክፈት ማለት ብርድ መጋበዝ ነው። እዚህ በየቀኑ፣ በበረዶም ቢሆን፣ ማሞቂያውን ዘግተሽ መስኮቱን አምስትና አሥር ደቂቃ ወለል አድርገሽ መክፈት ግዴታሽ ነው። ካልከፈትሽ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታውን ደግሞ ስትለቂ ከማስያዣሽ ላይ ሊቆርጡት ይችላሉ። በበረዶ መስኮት እንደምከፍት ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። በፈረንጆቹ ከታኅሣሥ 24 ከሰዓት በኋላ እስከ 26 ማታም እንደዚያው፤ የተማሪ ቤቱ ጭር ይላል። አስቤዛሽን ቀድመሽ ጨርሺ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣይ፤ ሲገዛ 25 ሳንቲም አስይዘሻል፣ ሱፐርማርኬቱ ማሽን ውስጥ ስትከቺው ይመለስልሻል። ስምንት ጠርሙስ ሁለት ዩሮ ነው። ሥራ ከፈለግሽ ቪዛሽ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅድልሻል፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን ተዪው።

ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ከላቦራቶሪ ስትወጪ ጨለማ ነው። ያን ጊዜ ሰው ይከፋዋል፣ ምክንያቱንም አያውቀውም። ምሳ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ውጭ ተራመጂ፤ ዝናብ ቢሆንም። ማታ ደግሞ ደብተር ይዘሽ ግማሽ ገጽ በአማርኛ ጻፊ። እኔን ያቆየኝ እሱ ነው፤ ይሄን ሁሉ የጻፍኩልሽም ከዚያው ደብተር ላይ ለቅሜ ነው። አጻጻፉ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ "ዛሬ ናፈቀኝ" ብለሽ አትጻፊ። ያየሽውን አንድ ነገር ብቻ ጻፊ፤ ዋጋውን፣ የሰማሽውን አዲስ ቃል፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠችው አሮጊት የያዘችውን። ባለፈው ዓመት ኅዳር 11 ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ አገኘሁ፦ "ዛሬ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የተናገርኩት ከድንቹ ጋር ብቻ ነው። 'አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የበሰበስከው' አልኩት።" አሁን ሳነበው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የሳቅኩ አይመስለኝም።

የምትመጪ ቀን ባቡር ጣቢያው ላይ ካጣሽኝ አትደንግጪ፤ ወደ መሀል ከተማ ተራመጂና "የዝሆን ሽንት ቤት የት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። እውነቴን ነው። ሦስት ትልልቅ ቀዳዳ ያለው የእግረኛ ድልድይ ነው፤ ኤለፋንተንክሎ ብለሽ ብትጠይቂ የከተማው ሰው ሁሉ ያሳይሻል። ሥሩ እቆማለሁ። ኮሰረቱን አትርሺ፤ የእማዬን ሽሮም ከቤት እለፊና ውሰጂ፤ ሁለት ኪሎ ብላሽ ከሆነ ሦስት በያት።