አምፓየሩ ለምን ዝም አለ? የሶፍትቦል ኦብስትራክሽንና የሞተ ኳስ ችግሮች ከነመፍትሔያቸው

አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው ሶፍትቦል (ኳስ በዱላ ተመትታ ቤዝ ለቤዝ የሚሮጥበት ጨዋታ) የጀመረችላቸው የአበሻ ወላጆች ዳር ቆመው በብዛት የሚናደዱት በኦብስትራክሽን ሕግ ነው፤ ተከላካይ የሯጭን መንገድ ስትዘጋ የሚሠራው ሕግ ማለት ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ልጅህ ተጋጭታ ስትንገዳገድ እያየህ ዝም ማለት ይከብዳል። ግን አብዛኛውን ጊዜ አምፓየሩ (ዳኛው) ጥፋቱን አይቷል፤ እኛ ነን ምልክቱን ያላየነው።

ችግር፦ «መንገድ ተዘጋባት፣ ጨዋታው ግን አልቆመም»

መቺዋ ኳሷን ወደ ግራ ሜዳ ላከች እንበል። አንደኛ ቤዝን (ሯጭ በተራ ከምትረግጣቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያውን) ረግጣ ወደ ሁለተኛው ስትታጠፍ፣ የአንደኛ ቤዝ ተከላካይዋ አንገቷን አዙራ ኳሷን እያየች መንገዱ ላይ ቆማለች። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ሯጯ ሁለት እርምጃ ባከነባት። ወላጅ ሁሉ ብድግ አለ።

ምክንያቱ፦ ኳስ ያልያዘችና የተመታ ኳስ ለማንሳት ያልሄደች ተከላካይ ሯጭን ካደናቀፈች ኦብስትራክሽን ነው። ኳሷ ግን ወዲያው አትሞትም፤ ማለትም ጨዋታው አይቆምም። በዚያች ሰዓት አምፓየሩን እዩት፦ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ጡጫውን ጨብጧል። ይህ የዘገየ የሞተ ኳስ ምልክት ነው። እግር ኳስ ላይ ዳኛው ጥፋት አይቶ «ይቀጥል» እንደሚለው ማለት ነው። ጨዋታው እዚያው ቢቆም የምትጎዳው ራሷ የተደናቀፈችው ናት፤ ምናልባት ሦስተኛ ቤዝ ድረስ ትሄድ ነበር።

መፍትሔው፦ ልጅቷ ቆማ እጇን አታንሳ፣ ትሩጥ። አሰልጣኙም «ሩጪ!» ይበላት እንጂ ወደ አምፓየሩ አይጩህ።

ችግር፦ «ኦብስትራክሽን ተባለ፣ ግን አውት ሆነች»

ይህኛው፣ የተደናቀፈች ሯጭ አውት መሆኗ (ከሩጫ መውጣቷ)፣ ነው ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው። ብዙ ሰው የተደናቀፈች ሯጭ ምንጊዜም አንድ ቤዝ በነጻ የሚሰጣት ይመስለዋል። ሶፍትቦል ላይ እንደዚያ የለም።

አምፓየሩ ግጭቱን እንዳየ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ መንገዱ ባይዘጋባት ኖሮ የት ትደርስ ነበር? ኳሷ በዚያች ቅጽበት የት ነበረች? ተከላካይዋ ይዛታለች ወይስ አጥር ጋ እየተንከባለለች ነው? ሯጯ ፈጣን ናት? ስንት እርምጃ አጣች? በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁለት እርምጃ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አንደኛና ሁለተኛ መካከል ተደናቅፋ፣ እዚያው መካከል ታግ ብትደረግ (ኳስ በያዘች ተከላካይ ብትነካ) አውት አትሆንም። አምፓየሩ ወዲያው «ዴድ ቦል» (የሞተ ኳስ) ብሎ ትደርስበት ነበር ያለውን ቤዝ ይሰጣታል፤ እንደ ሁኔታው አንደኛም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛን አልፋ ሦስተኛ ላይ በግማሽ እርምጃ ብትቀደምስ? ያጣችው ሁለት እርምጃ ስለሆነ ሦስተኛን ልታገኝ ትችላለች። አምስት ሜትር ሲቀራት ከተያዘች ግን መደናቀፉ አይደለም ያስያዛት። በራሷ ፈቃድ ነው የሄደችው፤ አውት ናት።

ጥበቃው ሁሉን አይሸፍንም። ቤዝ ሳትረግጥ ካለፈችና ተከላካዮቹ ካመለከቱ፣ ከፊቷ ያለችውን ሯጭ ከቀደመች፣ ወይም ራሷ ተከላካይን ካወከች አውት ትሆናለች።

መፍትሔው፦ የሦስተኛ ቤዝ አሰልጣኝ የአምፓየሩን ግራ እጅ ሲያይ ሯጯን በጭፍን አይላክ። ምልክቱ ዋስትና የሚሰጠው ትደርስበት እስከነበረው ቤዝ ብቻ ነው።

ችግር፦ «ካቸሯ ሆም ፕሌትን ዘግታ ቆማለች»

ካቸር ከመቺዋ ኋላ የምትቆመው ተከላካይ ናት፤ ሆም ፕሌት ደግሞ ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር የምትረግጠው የመጨረሻው ቤዝ ነው። የዱሮው ሕግ ኳስ ልትቀበል የተቃረበች ተከላካይ መንገድ ላይ እንድትቆም ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ አሰልጣኞች አሁንም እንደዚያው ያስተምራሉ፤ ይህ ለልጆቹ ጉልበትም ለቁርጭምጭሚታቸውም አደጋ ነው። በዩኤስኤ ሶፍትቦል (የአሜሪካ የሶፍትቦል ድርጅት) ሕግ ተከላካይዋ ኳሷ እጇ ሳትገባ መንገድ መዝጋት አትችልም። ኳሷ እየመጣች መሆኗ አይበቃም።

መነካካትም ግዴታ አይደለም። ሯጯ ፍጥነት ከቀነሰች ወይም መንገድ ከቀየረች በቂ ነው። ካቸሯ እዚያ ቆማ ሯጯ ገና አሥር ሜትር ከራቀችና ሩጫዋ ካልተነካ ግን ኦብስትራክሽን የለም። ኳስ ሳይዙ ታግ የሚያደርጉ መስሎ ማስደንገጥም ያው ኦብስትራክሽን ነው።

መፍትሔው፦ ካቸሯ ከፕሌቱ ፊት ቆማ ለሯጯ መግቢያ ትተውላት፣ ኳሷን ስትይዝ ብቻ ትዝጋ። የምትጫወቱበት ሊግ የየትኛውን ድርጅት ሕግ እንደሚከተል ሲዝኑ ሳይጀመር ጠይቁ። የኮሌጁና የሌሎቹ አንድ አይደለም።

ችግር፦ «ያኛው ግጭት ሲሆን ግን ወዲያው ቆመ!»

ሾርትስቶፗ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የምትቆመው ተከላካይ) የተመታ ኳስ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሯጯ ከገጨቻት ነገሩ ይገለበጣል። ያ ኢንተርፊረንስ (ሯጭ ተከላካይን ማወክ) ነው፤ ቅድሚያው የተከላካይዋ ነው። ኳሷ ወዲያው ትሞታለች፣ ሯጯ አውት ናት፣ ሌሎቹ ሯጮችም ግጭቱ ሲሆን ወደነበሩበት ቤዝ ይመለሳሉ።

ለመቺዋ የተወረወረችው ኳስ ራሷን መቺዋን ስትመታ፣ የተመታች ኳስ ፋውል (ከመስመር ውጪ) ሆና ሳትያዝ ስትቀር፣ ወይም ተወርውራ ከሜዳ ስትወጣም ያው ወዲያው ትሞታለች። በመጨረሻው ሯጮች ሁለት ቤዝ ያገኛሉ፤ ቆጠራው ኳሷ ከእጅ ከወጣችበት ሰዓት ይጀምራል።

የካቸሯ ጓንት የመቺዋን ዱላ ከነካ ደግሞ የሞተው ኳስ የዘገየ ነው። መቺዋም ሯጮቹም ቢያንስ አንድ ቤዝ ካልሄዱ አሰልጣኙ ይመርጣል፦ የሆነውን ውጤት መቀበል፣ ወይም ለመቺዋ አንደኛ ቤዝ መውሰድ።

አሁንም ካልተስማማችሁ

ጨዋታው እስኪረጋ ጠብቁ። ዋናው አሰልጣኝ ታይም (ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም) ይጠይቅና ተራምዶ ይሂድ። «አላየህም እንዴ!» አይበል። «ኦብስትራክሽኑን አይተሃል? እስከ የትኛው ቤዝ ነበር የጠበቅካት?» ይበል። መልሱ «ሁለተኛ ነው የምትደርሰው ብዬ ፈርጃለሁ» ከሆነ ያ የአምፓየሩ ግምት ነው፣ ይግባኝ የለውም። «ስላልተነካካች ኦብስትራክሽን አይደለም» ካለ ግን ሕጉን ስቷል። ያኔ ይግባኝ ይባላል፤ መባል ያለበት ደግሞ ቀጣዩ ፒች (ለመቺ የሚወረወረው ኳስ) ሳይወረወር ነው።