ሌስፔዴዛን ሱሉልታ ላይ ከዘር ማብቀል

አበባውን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የአተር አበባ ነው የሚመስለው። ቀለሙ ግን ሐምራዊ ነው፤ ቅርንጫፉን ሙሉ ያለብሰዋል። ሌስፔዴዛ የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። የዚህኛው ዓይነት አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና። ጃፓኖች «ሀጊ» ይሉታል፤ ከ7ቱ የመኸር አበቦቻቸው አንዱ ነው። (ስሙ በነገራችን ላይ የፊደል ስህተት ነው። የፍሎሪዳ የስፔን ገዢ ለነበረው ለሴስፔዴስ መታሰቢያ ታስቦ ነበር፤ በ1803 እ.ኤ.አ. ሲታተም «ሴ» «ሌ» ሆና ቀረች።)

መጀመሪያ ዘሩ። ልባሱ ድንጋይ ነው። እኔ ዝም ብዬ 20 ፍሬ ዘርቼ የበቀለልኝ 2 ብቻ ነበር። ፍሬዎቹን በሁለት ብርጭቆ ወረቀት መሃል ቀስ ብላችሁ እሹ። አንጸባራቂነታቸው ሲጠፋ ይበቃል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ያበጠውን ለዘር ውሰዱ፤ ያላበጠውን መልሳችሁ እሹት።

ግንቦት ላይ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ በችግኝ ፕላስቲክ ዝሩ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር ካለበሳችሁት በቂ ነው።

ሐምሌ ላይ ወደ ግቢ ይዛወራል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ሥሩ ደግሞ ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ፀሐይ በደንብ ያግኘው። በችግኞቹ መሃል 1 ሜትር ተኩል ተዉ። በግ ካላችሁ እጠሩት፤ ከደረሱበት አይምሩትም።

ዩሪያ አትጨምሩ። ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል። ማየት ካማራችሁ ከግንዱ ጥግ ትንሽ ጫር አድርጉ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። አንዷን በጥፍራችሁ ሰንጥቋት፤ ውስጧ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ጫፉን ሊያቃጥለው ይችላል። አትደንግጡ፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ መቀስ አንሱና ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትታችሁ ሙሉውን ቁረጡት። ጎረቤት «ምን አድርጎህ ነው?» ቢል አትስሙ። የሚያብበው አዲሱ ቅርንጫፍ ነው። ሲያሳዝናችሁ ከተዋችሁት ረጃጅም ዘንግና ጥቂት አበባ ታተርፋላችሁ።

ንብ ይወደዋል። ፍሬው ግን ሳይደርቅ ልቀሙት፤ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ለአፈር ጥበቃ ተክለውት ጫካ ገብቶ አስቸግሯቸዋል።