በፕሮቪንስ ተመርጠው ካናዳ የገቡ ሠራተኞች ከቤት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ በአልበርታ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ተመርጣ የኖሚኔሽን ሰርተፊኬት፣ ማለትም ፕሮቪንሱ ለቋሚ ነዋሪነት እንደመረጣት የሚመሰክር ወረቀት፣ ይዛለች እንበል። ስትመረጥ ካልጋሪ ከሚገኘው የአሠሪዋ ቢሮ በየቀኑ ትገባ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አሠሪዋ ከቤት እንድትሠራ ፈቀደላት። እህቷ የምትኖረው ግን በሌላ ፕሮቪንስ፣ በኦንታርዮ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው፤ ልጅ የሚይዝ ዘመድም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ «ሥራው ያው፣ ደመወዙም ያው» ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ቶሮንቶ ገባች። የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻዋ በዚህ ጊዜ ገና አልተወሰነም። ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበጅ የሚመስለው ይህ ውሳኔ ለዓመታት የለፋችበትን ማመልከቻ ሊያሳጣት ይችላል።

የዚህ ምክንያት የሚገባን ፕሮግራሙ ለምን እንደተቋቋመ ስናስታውስ ነው። በተለምዶ ፒ ኤን ፒ (ፕሮቪንሻል ኖሚኒ ፕሮግራም) የሚባለው፣ ፕሮቪንሶች ሠራተኛ የሚመርጡበት አሠራር በማኒቶባ በ1998 ሥራ ሲጀምር ዓላማው በቶሮንቶ፣ በሞንትሪያልና በቫንኩቨር ብቻ የሚሰበሰበውን አዲስ መጤ ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ማድረስና እያንዳንዱ ፕሮቪንስ የጎደለውን ሠራተኛ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። ዛሬ ከኩዊቤክና ከኑናቩት በስተቀር ሁሉም ፕሮቪንሶችና ቴሪቶሪዎች የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ፕሮቪንሱ ሰውን የሚመርጠው በዚያ እንዲኖር፣ በዚያ እንዲሠራና ልጆቹን በዚያ እንዲያሳድግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለፕሮግራሙ የያዘው ዕቅድ በ2024 ከነበረበት 110,000 ሰው በ2025 ወደ 55,000 ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ ፕሮቪንሶቹ ያላቸውን ጥቂት ቦታ ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው መስጠት የማይፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ሥራው አሠሪው ባለበት ቦታ ይቆጠራል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የሚበዛውና ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው የአሠሪው አድራሻ ካልጋሪ ከሆነና ደመወዙ ከካልጋሪ ከተከፈለ ሥራው የአልበርታ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ በአካል የት ነበር የሚለው ነው። ቶሮንቶ ቤቷ ተቀምጣ ለካልጋሪ ድርጅት የምትሠራ ሴት የምትኖረውም የምትሠራውም ኦንታርዮ ውስጥ ነው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 87 ደግሞ በፕሮቪንስ የተመረጠ አመልካች ሁለት ነገር እንዲያሟላ ይጠይቃል፦ የኖሚኔሽን ሰርተፊኬት እንዲኖረውና እሱን በመረጠው ፕሮቪንስ የመኖር ሐሳብ እንዲኖረው። ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ እያለ ወደ ሌላ ፕሮቪንስ የሄደ ሰው ይህ ሐሳብ እንዳለው ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። አልበርታ ውስጥ እየኖሩ ቶሮንቶ ላለ ድርጅት ከቤት መሥራት ብቻውን ሕገ ወጥ ነገር አይደለም፤ የሥራ ግብዣ በማይጠየቅባቸው የምርጫ መንገዶችም ችግር ላይፈጥር ይችላል። አሠሪው በፕሮቪንሱ ውስጥ የተቋቋመ እንዲሆን በሚጠይቁት መንገዶች ግን ያ ሥራ ለምርጫ አይበቃም። ከእነዚህ የምርጫ መንገዶች (ስትሪሞች) አንዱ የሆነው የአልበርታ ኦፖርቹኒቲ ስትሪም ከዚህም አልፎ የሥራ ቦታው ለንግድ ወይም ለኢንዱስትሪ በተፈቀደ ሕንፃ ውስጥ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ሰውየው አልበርታ ውስጥ እየኖረ እንኳ የሥራ መደቡ በቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወይም አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አይቀበለውም። ስለዚህ «ፒ ኤን ፒ ከቤት መሥራት ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ትክክለኛ መልስ አያስገኝም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ፕሮቪንስ፣ በየትኛው ስትሪም የሚለው ነው፤ መነበብ ያለበትም ባመለከቱበት ቀን በሥራ ላይ የነበረው የዚያ ስትሪም መመሪያ ነው። አንድ ወዳጅ ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ስትሪም አልፎ የሚነግረን ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የኛን ፋይል ግን አይመለከትም።

ከተመረጡ በኋላ የመጣን ለውጥ ለፕሮቪንሱ አለማሳወቅ

የኖሚኔሽን ሰርተፊኬት ቪዛ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት አመልካቾችን በነጥብ በሚያወዳድርበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ላለ አመልካች 600 ነጥብ ያስጨምራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው፣ እስከዚያ ውሳኔ ድረስም ፕሮቪንሱ ምርጫውን የመሻር ሥልጣን አለው። ምርጫው ከተሻረ ማመልከቻው የቆመበት መሠረት ይጠፋል።

ብዙዎች ማሳወቅ ያለባቸው ሥራ ሲለቁ ወይም አሠሪ ሲቀይሩ ብቻ ይመስላቸዋል። ከቢሮ ወደ ቤት መዞር፣ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ የሥራ መደብ መለወጥና አድራሻ መቀየርም ምርጫው የቆመበትን ሁኔታ የሚለውጡ ነገሮች ናቸው። በምሳሌያችን ያለችው ባለሙያ ከመሄዷ በፊት ለፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ጽፋ ብትጠይቅ ኖሮ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ የምትቀረው ካልጋሪ ነው፤ ፋይሏም አይነካም። ሳትጠይቅ ሄዳ በኋላ ሲደረስበት ግን የሚነሳው ጥያቄ የአድራሻ ጥያቄ ብቻ አይሆንም። የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 40 ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችል እውነት መደበቅን ከሐሰት ቃል ጋር እኩል ያየዋል፤ ቅጣቱም ለ5 ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገቡ መታገድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከትም አይቻልም። ይህን አንቀጽ የማነሳው ሰዎችን ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፤ አንድ ኢሜይል ባለመጻፍ ብቻ የሚመጣ ጉዳት በመሆኑ ነው።

የሥራ ፈቃዱን ራሱን አለማንበብ

ፕሮቪንሱ ለመረጠው ሠራተኛ በሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ አማካይነት የሚገኘው የሥራ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የታሰረ ነው፤ የአሠሪው ስም፣ የሥራው መደብና የሥራው ቦታ በወረቀቱ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። የሥራ ቦታው ካልጋሪ ተብሎ ከተጻፈ፣ አለቃ ቃል በቃል «የትም ሆነሽ ሥሪ» ቢልም ያ የአለቃው ፈቃድ እንጂ የመንግሥት ፈቃድ አይደለም። ለአንድ አሠሪ ባልታሰረ ክፍት ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎችም ቢሆኑ ወረቀታቸው ላይ ስለ ቦታ የተጻፈ ገደብ እንዳለ ማየት አለባቸው፤ በፕሮቪንስ ተመርጠው ውሳኔ የሚጠብቁ ሰዎች የሚያገኙት የመሸጋገሪያ ፈቃድ በመረጣቸው ፕሮቪንስ ውስጥ ብቻ እንዲሠሩ የሚገድብ ሊሆን ይችላልና።

ኮንትራክተር ሆኖ ሠርቶ የተቀጣሪ ልምድ አለኝ ማለት

ከርቀት የሚሠሩ ሥራዎች፣ በተለይ በቴክኖሎጂው መስክ፣ ብዙ ጊዜ ሰውን ሠራተኛ አድርገው አይቀጥሩም። ውል ያስፈርማሉ፣ በየወሩ ደረሰኝ ይቀበላሉ፣ ታክስም አይቀንሱም። ለኪስ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለኢሚግሬሽን ግን ትልቅ ነው። የካናዳ የሥራ ልምድን በሚመለከተው የፌዴራል መደብ፣ ማለትም በካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ፣ በግል ሥራ የተገኘ ልምድ አይቆጠርም። በኤክስፕረስ ኢንትሪ በኩል የተመረጠ ሰው ከፕሮቪንሱ መስፈርት በተጨማሪ ከፌዴራሉ መደቦች አንዱን ማሟላት ስላለበት፣ በፕሮቪንሱ በኩል ያለፈ ሰው እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከላይ ባነሳሁት የአልበርታ ስትሪም ደግሞ ኮንትራክተሮች ከመጀመሪያውም አይገቡም።

ሥራ ሲጀመር መጠየቅ ያለበት ነገር ቀላል ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቲ 4 (አሠሪ ለተቀጣሪው የሚሰጠው የደመወዝና የታክስ መግለጫ) ይሰጠኛል ወይስ አይሰጠኝም? ቲ 4 የማይሰጥ ከሆነ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም።

አዲስ አበባ ሆነው እየሠሩ ጊዜው ይቆጠርልኛል ማለት

እናት ታማለች፣ ሠርግ አለ፣ ወይም አባት አርፎ ለተዝካር መቆየት ግድ ሆኗል። ኮምፒውተሩን ይዞ ሄዶ ከቤተሰብ ጋር እየሆኑ መሥራት ከርቀት መሥራት ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች ዋነኛው ነው፤ ማንም ሰው ይህን እንዳያደርግ አልመክርም። ነገር ግን ያ ጊዜ በሦስት የተለያዩ ደረጃዎች በሦስት መልክ እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቋሚ ነዋሪነት ከመገኘቱ በፊት፣ በካናዳ ልምድነት የሚቆጠረው ከቤት የተሠራ ሥራ ሠራተኛው በአካል ካናዳ ውስጥ ሆኖ፣ ለካናዳ አሠሪ የሠራው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለካልጋሪ ድርጅት የተሠራ ሦስት ወር እንደ ውጭ አገር ልምድ እንጂ እንደ ካናዳ ልምድ አይታይም፤ አንድ ዓመት ሞላልኝ ብሎ ያሰበ ሰው ዘጠኝ ወር ብቻ ሊኖረው ይችላል። የዚህ ግልባጭ የሆነም ስህተት አለ። ካናዳ ጎብኚዎች ለውጭ አገር አሠሪያቸው ከርቀት እየሠሩ እስከ 6 ወር እንዲቆዩ ትፈቅዳለች፤ ይህ ግን በካናዳ የሥራ ገበያ ውስጥ ስላልገቡ የተፈቀደ ነገር ነው፣ በዚያ ጊዜ የተሠራውም ሥራ የካናዳ ልምድ አይሆንም።

ቋሚ ነዋሪነት ከተገኘ በኋላ ደግሞ በየ5 ዓመቱ 730 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት ግዴታ ነው። ሕጉ ለካናዳ ድርጅት በሙሉ ሰዓት ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ቀኖቹ እንዲቆጠሩለት ስለሚፈቅድ ብዙዎች በዚህ ይተማመናሉ። ደንቡ ግን ድርጅቱ ሠራተኛውን በሥራው ግዴታ ውጭ አገር እንዲሠራ የመደበው መሆኑን ይጠይቃል። በራሱ ፍላጎት ሄዶ ቦሌ ከሚገኘው የእናቱ ቤት የሚሠራ ሰው ተመድቦ የሄደ አይደለም፤ ስለዚህ ቀኖቹ ለ730ው አይቆጠሩለትም። ለዜግነት የሚያስፈልጉት 1,095 ቀኖችም በአካል ካናዳ ውስጥ ያለፉ ቀኖች ናቸው። በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የመውጫና የመግቢያ ማኅተም በአንድ ደብተር ላይ እየመዘገቡ መሄድ ከስንት ጭንቀት ያድናል።

ወረቀቶች እርስ በርሳቸው እንዲጋጩ መተው

መርማሪ መኮንኑ ሰውን አያየውም፤ ወረቀቱን ነው የሚያየው። ከቤት የሚሠራ ሰው ወረቀቶች ደግሞ ሳይታሰብ ይጋጫሉ። በቲ 4 ላይ ሳጥን ቁጥር 10 የሥራውን ፕሮቪንስ ያሳያል፤ ሙሉ በሙሉ ከቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ሳጥን እሱ የሚኖርበትን ሳይሆን የአሠሪው ቢሮ ያለበትን ፕሮቪንስ ሊያሳይ ይችላል። የግል የገቢ ግብር ግን የሚከፈለው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን ሰውየው ለሚኖርበት ፕሮቪንስ ነው። ስለዚህ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ ማኒቶባ እየኖረ፣ ኦንታርዮ የሚል ቲ 4 ሊደርሰው ይችላል።

ይህ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም። የቤት ኪራይ ውል፣ የጤና ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባና የመብራት ደረሰኝ አንድ ላይ ተሰብስበው፣ ሰውየው ከየትኛው አድራሻ ሆኖ እንደሚሠራ የሚገልጽ አጭር የአሠሪ ደብዳቤ ቢጨመርባቸው ግጭቱ ይፈታል። መንጃ ፈቃድና የጤና ካርድን በቀድሞው ፕሮቪንስ ይዞ መቆየት በተለይ መጥፎ ልማድ ነው፤ አልበርታ አዲስ ነዋሪ በ90 ቀን፣ ኦንታርዮ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ መንጃ ፈቃዱን እንዲለውጥ ይጠይቃሉ። ማኒቶባ ውስጥ በውጭ አገር ሆነው ለሚያመለክቱ ባለሙያዎች በሚደረገው ምዘና በሌላ ፕሮቪንስ ሠርቶ ወይም ተምሮ መገኘት 100 ነጥብ እስከመቀነስ የሚያደርስ መሆኑ ፕሮቪንሶቹ ለዚህ ነገር ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ያሳያል።

«ሪሞት ጆብ» ከደላላ መግዛት

አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ቤይሩትም «ከቤት የሚሠራ የካናዳ ሥራ፣ ከነኖሚኔሽኑ» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። የሥራ ግብዣ የሚጠይቁ የፕሮቪንስ መንገዶች የአሠሪውን መኖር፣ የሥራ ቦታውንና ደመወዝ የመክፈል አቅሙን ይመረምራሉ፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥራ በዚህ አያልፍም። በክፍያ የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዲይዙ ሕጉ የሚፈቅድላቸው ጠበቆችና ሌሎች የሕግ ማኅበር አባላት፣ የኩዊቤክ ኖታሪዎችና የኢሚግሬሽን አማካሪዎችን በሚቆጣጠረው ኮሌጅ የተመዘገቡ አማካሪዎች ናቸው፤ የአማካሪው ስም በኮሌጁ የሕዝብ መዝገብ ላይ ከሌለ ገንዘብ አለመስጠት ነው።

ቋሚ ነዋሪነት ከተገኘ በኋላ ስላለው ነፃነት መሳሳት

እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ «ሁለት ዓመት ታስረሃል» የሚለው ነው። በአውስትራሊያ ከዋና ዋና ከተሞች ውጭ ለመኖር የሚሰጠው 491 ቪዛ በእርግጥ በተወሰነው አካባቢ ብቻ መኖርንና መሥራትን ግዴታ ያደርጋል፤ በካናዳ ግን የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር አንቀጽ 6 ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ፕሮቪንስ የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጠዋል፣ በሕግ የተቆረጠ የጊዜ ገደብም የለም። ሁለተኛው እምነት ደግሞ «ወረቀቱ እስኪመጣ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ቻርተሩ የሚጠብቀው ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ያለውን ነፃነት እንጂ፣ ከዚያ በፊት ለመኖር ሳያስቡ እኖራለሁ ብሎ መፈረምን አይደለም። እሱን በመረጠው ፕሮቪንስ አንድም ቀን ሳይኖር፣ ቤት ሳይከራይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቶሮንቶ ሲሠራ የቆየ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን ስለ ሐሳቡ ሊጠየቅ ይችላል። በእውነት ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ከዚያ በቤተሰብ ወይም በሥራ ምክንያት የተዛወረ ሰው ግን የኪራይ ውሉንና የደመወዝ ደረሰኞቹን አስቀምጦ በሰላም መሄድ ይችላል።