ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት እናቱን እዩ
በእንግሊዝ አገር ቡችላ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው፣ በአንዲት ውሻ ስም የተሰየመው «የሉሲ ሕግ» ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ራሱ ባላረባው አትራፊ ነጋዴ እጅ እንዳይሸጥ እንደሚከለክል ሊያውቅ ይገባል። ፈቃድ ያለው አራቢ ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር የማሳየት ግዴታ አለበት። እናቲቱን ስታዩ ጡቶቿን ልብ በሉ፤ በቅርቡ ያጠባች ውሻ ጡቷ ወረድ ብሎ ይታያል፣ ቡችሎቿም ወደ እርሷ ይሮጣሉ፤ ይህ ከሌለ ያቀረቡላችሁ ሌላ ውሻ ልትሆን ትችላለች። «እናቱ ሐኪም ቤት ናት» ወይም «መንገድ ላይ እንገናኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ቡችላው የቱንም ያህል አንጀት ቢበላ ገንዘብ አትክፈሉ፤ በርኅራኄ የተከፈለው ገንዘብ ያለ ዕረፍት የምትወልደውን እናት ለሌላ እርግዝና ይዳርጋታልና። 8 ሳምንት ያልሞላውን ወይም ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ያልተደረገለትንም አትቀበሉ።